ሳይሄዱ የሚያሳይ ሙያ

አዲስ አበባ ላይ ቤት ከሚገዙ ሰዎች መካከል ቤቱን በዓይናቸው ሳያዩ ቀብድ የሚከፍሉ ጥቂት አይደሉም። ሲልቨር ስፕሪንግ ወይም ዱባይ ሆኖ ለሥራ የሚሮጥ ሰው አያት ወይም ሳሪስ ያለን አፓርታማ የሚያውቀው በቴሌግራም በተላኩለት ጥቂት ፎቶዎች፣ አንድ ደቂቃ በማይሞላ ቪዲዮና በደላላው ቃል ነው። ፎቶዎቹ አስፍቶ በሚያሳይ ሌንስ ስለሚነሱ ጠባቡ መኝታ ቤት አዳራሽ ይመስላል። ቪዲዮው መስኮቱ ጋ ሲደርስ ፊቱን ያዞራል፤ ከመስኮቱ ማዶ ያለው የጎረቤት ፎቅ ግድግዳ ሳይታይ ይቀራል። ገዢው ግራ ሲገባው አክስቱን ወይም የእህቱን ልጅ "እስቲ ሄዳችሁ እዩልኝ" ብሎ ይልካል። የተላከው ዘመድም "ጥሩ ነው፣ ያምራል" ከማለት ያለፈ ወሬ ይዞ አይመለስም።

በሌላው ዓለም ይህን ክፍተት የሚሞላ ሙያ እግር ካወጣ ሰነባብቷል። ቨርቹዋል ቱር ይባላል። ተመልካቹ ስልኩን ወይም ኮምፒውተሩን ከፍቶ፣ አለዚያም የቨርቹዋል ሪያሊቲ መነጽር አጥልቆ፣ ቤቱ ውስጥ እንደቆመ ሆኖ ወዳሻው አቅጣጫ ይዞራል። ጣሪያውን ቀና ብሎ፣ ወለሉን ጎንበስ ብሎ ያያል። ወለሉ ላይ የተቀመጠውን ምልክት ሲነካ ወደሚቀጥለው ክፍል ይገባል። ከተራው ፎቶ የሚለየው ትልቁ ነገር ምን ይታይ የሚለውን የሚወስነው ተመልካቹ ራሱ መሆኑ ነው። ሻጩ ሊሸሽገው የፈለገው ጥግ ካሜራው በቆመበት ሁሉ አብሮ ይነሳል። ለዚህም ነው ሙያው ከውበት ሥራ ይልቅ ለምስክርነት የሚቀርበው፤ ሊማረው የሚያስብ ወጣትም የካሜራ ዋጋ ከመጠየቁ በፊት ሊያስብበት የሚገባው ይኸው ነው።

ሐሳቡ እንደሚመስለው አዲስ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1994 በእንግሊዝ የደድሊ ግንብ ጎብኚዎች ግንቡ በ1550 ምን ይመስል እንደነበር በኮምፒውተር በተሠራ ምስል ውስጥ እየተዘዋወሩ ያዩ ነበር፤ የጎብኚዎች ማዕከሉን የመረቁትም ንግሥት ኤልሳቤጥ ዳግማዊት ነበሩ። በዓመቱ አፕል ኩይክታይም ቪአር የተባለውን ሶፍትዌር አወጣና ፎቶዎችን ገጣጥሞ ዙሪያ ገባውን ማሳየት ተቻለ። ጉግል በ2007 ስትሪት ቪውን በአምስት የአሜሪካ ከተሞች ጀመረ። ሙያው በግለሰብ እጅ የገባው ግን ካሜራው ሲረክስ ነው። የጃፓኑ ሪኮ በ2013 ቴታ የሚባለውን በኪስ የሚያዝ ባለሁለት ሌንስ ካሜራ ለገበያ አቀረበ፤ በ2015 የተቋቋመው የቻይናው ኢንስታ360 ተከተለው። ካሊፎርኒያ የተመሠረተው ማተርፖርት ደግሞ ቤትን እየለካ የሚያነሳ ካሜራ ይዞ መጣና የአሜሪካን የቤት ሻጮች ገበያ ያዘ። የሪል ስቴት መረጃ ኩባንያው ኮስታር በ2024 ማተርፖርትን በ1.6 ቢሊዮን ዶላር ለመግዛት ሲስማማ ጉዳዩ የልጆች ጨዋታ አለመሆኑ ለሁሉም ግልጽ ሆነ።

ኮሮና ሰውን ቤት በዘጋበት በ2020 ደግሞ ሥራው በአንድ ጊዜ ተፈላጊ ሆነ። የግብፅ የቱሪዝምና የጥንታዊ ቅርሶች ሚኒስቴር በዚያው ዓመት በሚያዝያ ወር ጊዛ የሚገኘውን የንግሥት መረስአንክ ሦስተኛን መቃብር ጨምሮ የተመረጡ ቅርሶችን በቨርቹዋል ቱር ለዓለም ከፈተ። ካይሮ ለመሄድ አቅም የሌለው ተማሪ መቃብሩ ውስጥ ቆሞ በግድግዳ ላይ የተቀረጹትን ምስሎች ማየት ቻለ።

ወደ አሠራሩ እንግባ። የ360 ዲግሪ ካሜራ ጀርባና ጀርባቸውን የተሰጣጡ ሁለት ሌንሶች አሉት። እያንዳንዱ ከግማሽ ዙሪያ ትንሽ አልፎ ያያል፤ የተደራረበውን ጠርዝ ሶፍትዌሩ ሰፍቶ አንድ ሙሉ ምስል ያደርገዋል። የሚወጣው ፎቶ ወርዱ የቁመቱ እጥፍ ሆኖ፣ እንደ ዓለም ካርታ ተዘርግቶ የሚታይ ነው። ብዙ ጀማሪዎች የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው። ካርቶኑ ላይ የተጻፈውን ሜጋፒክስል አይተው ይገዛሉ፤ ተመልካቹ ግን በአንድ ጊዜ የሚያየው ከዙሪያው አንድ አራተኛ ያህሉን ብቻ ነው። የሪኮ ቴታ ዜድ1 ምስል ወርዱ 6,720 ፒክስል ነው። ለአራት ሲካፈል ከተመልካቹ ፊት የሚቀርበው 1,680 ይሆናል። ለስልክ ይበቃል፤ በመነጽር ሲታይ ግን የግድግዳው ቀለም እንጂ ስንጥቁ አይለይም። የኢንስታ360 ኤክስ4 ፎቶ ወደ 12 ሺህ የሚጠጋ ፒክስል ወርድ ስላለው በዚህ ይበልጠዋል። በአንጻሩ ቴታ ዜድ1 ትልልቅ ሴንሰሮች ስላሉት በደብዛዛ ክፍል ውስጥ የሚያወጣው ምስል የጠራ ነው። ስለዚህ የትኛው ካሜራ ይሻላል ለሚለው ጥያቄ መልሱ "የምታነሳው ምንድን ነው?" የሚል ሌላ ጥያቄ ነው። ፀሐይ የሚገባው ሎጅና መብራት የሌለው ቤተ ክርስቲያን አንድ ካሜራ አይፈልጉም።

ከዚህም የላቀ ጥራት የሚፈልግ በተለመደው የፎቶ ካሜራ ይሠራል። ይህ ለአገራችን የሠርግ ፎቶ አንሺዎች መልካም ዜና ነው፤ ካሜራውና ትራይፖዱ አስቀድሞ በእጃቸው አለ። የሚጎድላቸው እጅግ ሰፊ ሌንስና ካሜራው በሌንሱ ዙሪያ ብቻ እንዲሽከረከር የሚያደርግ የትራይፖድ ራስ ነው። ሌንሱ ከቦታው ትንሽ እንኳ ከተንቀሳቀሰ ቅርብ ያለው ወንበር ከሩቁ ግድግዳ አንጻር ይሸራተትና ፎቶዎቹ አልገጥም ይላሉ። ዙሪያውን አራት ወይም ስድስት ጊዜ፣ ከዚያ ወደ ላይና ወደ ታች ተነስቶ ፎቶዎቹ ፒቲጂዩአይ በሚባለው የክፍያ ሶፍትዌር ወይም በነፃው ሁጊን ይሰፋሉ። አድካሚ ነው፤ ግን በዚህ መንገድ የጀመረ ሰው ትንሿ ካሜራ በውስጧ የምትሠራውን ስለሚያውቅ ስፌት ሲበላሽ ከየት እንደተበላሸ ለማወቅ አይቸገርም።

አንድ ባለሁለት መኝታ አፓርታማ ሊያነሳ የሄደ ባለሙያ ሲሠራ ማየት ብዙ ያስተምራል። መጀመሪያ ካሜራውን ከቦርሳ አያወጣም፤ ቤቱን ይዞራል። ካሜራው የት የት እንደሚቆም ይመርጣል፦ በሩ መግቢያ ላይ፣ ሳሎኑ ውስጥ ሁለት ቦታ፣ ኮሪደሩ ላይ፣ ማዕድ ቤቱ ውስጥ፣ እያንዳንዱ መኝታ ቤት፣ መታጠቢያው፣ በረንዳው። ከአንዱ ነጥብ ላይ ሆኖ የሚቀጥለው ነጥብ መታየት አለበት። አለበለዚያ ተመልካቹ በአንድ ንክኪ ግድግዳ አልፎ የማያውቀው ክፍል ውስጥ ይገኝና መግቢያው የት እንደነበር ይጠፋዋል። የካሜራው ከፍታ አንድ ሜትር ተኩል አካባቢ ሆኖ በሁሉም ክፍል እኩል መሆን ይኖርበታል። ከፍ ካለ መነጽር ያጠለቀው ሰው አየር ላይ የተንሳፈፈ ይመስለዋል፤ ዝቅ ካለ ደግሞ ቁመቱ የሕፃን ልጅ ይሆንበታል፤ ከክፍል ክፍል ከተለያየማ ያጥወለውለዋል። ካሜራው ለበር መቃን ወይም ለቁም ሣጥን በጣም ከቀረበ ስፌቱ ይጣመማል። ስለዚህ ባለሙያው ሁለቱ ሌንሶች የሚገናኙበት መስመር መቃኑን ለሁለት እንዳይከፍለው ካሜራውን ጥቂት ያዞረዋል።

ከዚያ የብርሃን ትግል ይመጣል። ከቀትር በኋላ ሳሎን ውስጥ ተቁሞ ዙሪያው ሲነሳ ወይ ክፍሉ ይጨልማል፣ ወይ መስኮቱ ነጭ ሆኖ ይቀራል። መፍትሔው አንዱን ቦታ በተለያየ የብርሃን መጠን ደጋግሞ አንስቶ ማዋሐድ ነው፤ ኤችዲአር የሚሉት ይህንን ነው። በዚህ መንገድ የሶፋው ቀለምም፣ ከመስኮቱ ውጭ ያለውም በአንድ ፎቶ ላይ ይታያል። ይህን ደረጃ የዘለለ ሰው መስኮቱን ነጭ አድርጎ ሲተወው የጎረቤቱን ፎቅ ግድግዳም አብሮ ሸፍኖታል፤ ሆን ብሎ ባያደርገውም ለገዢው ልዩነት የለውም።

አንሺው ራሱስ የት ይደበቃል? ካሜራው ሁሉን ስለሚያይ ከኋላው መቆም የሚባል ነገር የለም። ባለሙያው ካሜራውን ያቆምና ኮሪደር ወጥቶ፣ በር ገርበብ አድርጎ በስልኩ ያነሳል። መታጠቢያ ቤት ሲደርስ መስታወቱ፣ መኝታ ቤት ሲገባ ባለመስታወቱ ቁም ሣጥን ይፈትነዋል። በመስታወቱ ውስጥ ቀጭኑ የካሜራ ዘንግ መታየቱ አይቀርም፤ የሰው ጥላ ግን መታየት የለበትም። የአልጋ ልብስ ያልተዘረጋበት፣ የልጅ ፎቶና መታወቂያ ጠረጴዛ ላይ የቀረበት ቤት ደግሞ ከነገመናው ለዓለም ይዘረጋል። ሰው እየኖረበት ያለ ቤት ከመነሳቱ በፊት ባለቤቱ የሚያነሳውን እንዲያነሳ ጊዜ መስጠትና ፈቃዱን በጽሑፍ መያዝ ያስፈልጋል። በ2016 ዓ.ም. የወጣው የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321 ሰው የሚለይባቸው ምስሎች እንዴት እንደሚያዙ ይመለከታልና ጉዳዩ የጨዋነት ብቻ አይደለም።

ፎቶውን ማስተካከል ላይ ደግሞ መስመር አለ። ከካሜራው ሥር የታየውን የትራይፖድ እግር ማጥፋት፣ የተጣመመ ስፌት ማቅናት፣ ቀለሙን ከእውነተኛው ጋር ማስማማት የሥራው አካል ነው። ጣሪያው ላይ የታየውን የእርጥበት ምልክት ማጥፋት፣ የተሰነጠቀውን ሴራሚክ መቀባት ግን ማታለል ነው። ባለቤቱ "ይቺን ነገር አጥፋልኝ" ማለቱ አይቀርም። እሺ ያለ ባለሙያ ያን ዕለት ክፍያውን ይቀበላል፤ ቤቱን የገዛው ዳያስፖራ ግን በእግሩ ሲገባበት የተመለከተውን ሁሉ ለወዳጅ ዘመዱ ያወራል፤ ባለሙያው በዚያ ሰፈር ዳግም ሥራ የሚያገኝበት ዕድል ጠባብ ነው።

እንዲያውም ብልኅ ባለሙያ ደንበኛው ያላሰበውን ጨምሮ ያነሳል። አዲስ አበባ ላይ ቤት የሚገዛ ሰው የሳሎኑን ሴራሚክ ከማየቱ በፊት የሚጠይቀው ስለ ውኃና መብራት ነው። የውኃ ታንከሩ ስንት ነው? ጄኔሬተር አለ? ሊፍቱ ይሠራል? ከዋናው መንገድ እስከ ግቢው ያለው አስፋልት ነው ወይስ ኮብልስቶን? ሳሎን ላይ ብቻ የሚቆም ቱር እነዚህን አይመልስም። ደረጃውን፣ ጣሪያ ላይ ያለውን ታንከር፣ ምድር ቤት ያለውን ፓርኪንግና የግቢውን በር ያካተተ ቱር ግን ለገዢው የአክስትን ጉዞ ይተካለታል። ይህ ከአሜሪካ በተቀዳ አሠራር አይገኝም፤ የአገሩን ገዢ የሚያውቅ የአገሩ ልጅ የሚያመጣው ነው።

መለካትም አለ። የማተርፖርት ካሜራ ፎቶ ከማንሳቱ ጋር ርቀትን ስለሚለካ ተመልካቹ ክፍሉን ከላይ ሆኖ እንደ ክፍት ሳጥን ያየዋል፤ ከግድግዳ እስከ ግድግዳ ያለውንም ይለካል። ፕሮ2 የተባለው ሞዴል በማይታይ ጨረር ስለሚለካ የፀሐይ ብርሃን ያውከው ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ2022 የወጣው ፕሮ3 በሌዘር ስለሚሠራ ከቤት ውጭም ይቻለዋል። ከአይፎን 12 ፕሮ ወዲህ የወጡ የፕሮ ስልኮችም ተመሳሳይ መለኪያ በትንሹ ይዘዋል። ትክክለኛ ስፋት የሚያሳይ ቱር "120 ካሬ ነው" በሚለው የደላላ ቃልና በእውነተኛው 98 ካሬ መካከል ያለውን ክርክር ገና ከጅምሩ ይዘጋዋል። ለሻጩ ይህ ላያስደስተው ይችላል። ለገበያው ግን ይበጀዋል።

ያልተሠራ ቤትስ? የአዲስ አበባ የሪል ስቴት ገበያ ትልቅ ክፍል የሚሸጠው ገና መሠረቱ ሲቆፈር ነው። ያልተገነባ ቤት ካሜራ አያነሳውም፤ በኮምፒውተር ይሠራል። እዚህ ላይ ያለው ሙያ ከፎቶ ይልቅ የአርክቴክቸር ጎረቤት ነው። ስኬችአፕ፣ ነፃው ብሌንደር፣ ትዊንሞሽን፣ አንሪል ኤንጂን የሚባሉት ሶፍትዌሮች በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲው ኢአቢሲም ሆነ በሌሎች የአርክቴክቸር ትምህርት ቤቶች ለተማሩ ወጣቶች እንግዳ አይደሉም። በፎቶ የተሠራ ቱር ተመልካቹ ካሜራው በቆመበት ብቻ እንዲዞር ይፈቅድለታል፤ በኮምፒውተር የተሠራው ግን በመነጽሩ ውስጥ በእግሩ እንዲራመድ፣ መጋረጃውን እንዲቀይር፣ ከጠዋት ወደ ምሽት እንዲያሸጋግር ያደርገዋል። አደጋውም እዚሁ ላይ ነው። በኮምፒውተር ውስጥ ዛፉ ሁልጊዜ አረንጓዴ ነው፤ መንገዱ ሰፊ ነው፤ የጎረቤት ፎቅ የለም። ስለዚህ በእንዲህ ያለ ቱር ላይ "ይህ ያልተገነባ ሕንፃ የኮምፒውተር ምስል ነው" የሚል ጽሑፍ በእያንዳንዱ ክፍል ላይ እንዲታይ ማድረግ፣ ዙሪያውንም ባለው እውነተኛ ሰፈር መሥራት የባለሙያው ግዴታ ሊሆን ይገባል። በሕግ ባይጠየቅም በራሱ ውል ላይ ሊያሰፍረው ይችላል።

ከቤት ሽያጭ ወጥተን ወደ ቅርስ ስንመለከት ሙያው ሌላ መልክ ይይዛል። የኬፕታውን ዩኒቨርሲቲው የዛማኒ ፕሮጀክት የላሊበላን አብያተ ክርስቲያናት በሌዘር ስካነር መዝግቧል። አሥራ አንዱ ውቅር አብያተ ክርስቲያናት እ.ኤ.አ. በ1978 የዓለም ቅርስ ሆነው የተመዘገቡ ናቸው፤ ሰነዱም ለጥገና የሚሆን መለኪያ ያለው ነው። ይህን የሚያህል ሥራ በትንሽ ካሜራ አይተካም። ነገር ግን በየገዳሙ፣ በየመስጊዱ፣ በየቤተ መዘክሩ ያለውን ሁሉ የሌዘር ስካነር እስኪደርስለት መጠበቅ አይቻልም።

እዚህ ላይ የባለሙያው ችሎታ ከካሜራ ይልቅ በሥርዓት አዋቂነቱ ይለካል። የኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን ቅኔ ማኅሌት፣ ቅድስትና መቅደስ አላት። መቅደሱ ውስጥ የሚገባው ማን እንደሆነ ሁሉም ያውቃል። ካሜራ የማያየው አቅጣጫ ስለሌለ ቅድስት ላይ ቆሞ መጋረጃው ሳይዘጋ ያነሳ ሰው መቅደሱን ለዓለም ገልጧል። በላሊበላ ቤተ ማርያም ውስጥ በጨርቅ ተጠቅልሎ የሚኖረው ዓምድ አለ፤ ካህናቱ የማይገልጡትን ዓምድ ገልጣችሁ አሳዩኝ ብሎ መጠየቅ ለሥራው ፍቅር ያለው ሰው አያደርገውም። ከዚህ የከበደው ጥያቄ ደብረ ዳሞ ላይ ይመጣል። ገዳሙ የሚወጣው በገመድ ነው፤ ሴቶች ግን አይወጡም። የገዳሙን ቱር ለሚሠራ ሰው ጥያቄው ወዲያው ይቀርባል፦ ሴቶች በእግራቸው የማይደርሱበትን በካሜራ ማየት ይችላሉ? መልሱ የፎቶ አንሺው አይደለም፤ የደንበኛውም አይደለም። የገዳሙ አባቶች ናቸው የሚመልሱት። ባለሙያው ማድረግ የሚችለው ቱሩ ማን ማን ዘንድ እንደሚደርስ ሳይሸፋፍን ነግሯቸው ፈቃዳቸውን መጠየቅ ነው። የተመዘገቡ ቅርሶችን ለማንሳት የቅርስ ባለሥልጣንን ፈቃድ መጠየቅም ከዚሁ ጋር አብሮ ይሄዳል።

ይህ ሁሉ ከተማሩት በኋላ በገንዘብ ካልተመለሰ ሙያ አይሆንም። ጀማሪው የሚያስበው የካሜራውን ዋጋ ነው። የሚያስቸግረው ግን በየዓመቱ የሚከፈለው ነው። ቱሩን ኢንተርኔት ላይ የሚያስቀምጡት ብዙዎቹ የውጭ መድረኮች ክፍያቸው በዶላር ነው፤ ብር በሐምሌ 2016 ዓ.ም. ምንዛሪው በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ በብር የሚተመን ሥራ በዶላር ወጪ ሲሠራ ምን እንደሚያጋጥም ማንም ያውቀዋል። ክፍያው ሲቋረጥ ደግሞ ቱሩ ይዘጋል። ስለዚህ ውሉ ላይ ማስቀመጫውን ማን እንደሚከፍል፣ ለስንት ዓመት፣ ከዚያ በኋላ ፋይሉ የማን እንደሚሆን መጻፍ ከቀብዱ መጠን ያልተናነሰ ጉዳይ ነው።

መድረኩ ራሱ ሊጠፋ መቻሉንም ተማሪው ማወቅ አለበት። ጉግል እ.ኤ.አ. በ2018 ቱር ክሬተር የተባለ ነፃ መሣሪያ ለቀቀ፤ መምህራን ለተማሪዎቻቸው፣ ጀማሪዎች ለደንበኞቻቸው ሠሩበት። እ.ኤ.አ. ሰኔ 30 ቀን 2021 ጉግል መሣሪያውን ዘጋው። በዚያው ቀን ኤክስፔዲሽንስ የሚባለው የትምህርት ቤት ጉብኝትም ተዘጋ። ፎቶዎቹን በራሱ ሃርድ ዲስክ ያስቀመጠ ሰው በሌላ ሶፍትዌር መልሶ ገነባው፤ ያላስቀመጠው ባዶውን ቀረ። ፓኔለምና ማርዚፓኖ የሚባሉት ነፃ ሶፍትዌሮች ቱሩን በራስ ሰርቨር ላይ ለማስቀመጥ ያስችላሉ፤ 3ዲቪስታና ፓኖ2ቪአር ደግሞ አንድ ጊዜ በሚከፈል ዋጋ የሚገዙ ናቸው። መደበኛ ፎቶ አንሺ ኔጋቲቩን እንደሚጠብቅ ሁሉ የቱር ባለሙያም የመጀመሪያዎቹን ፎቶዎች በሁለት የተለያየ ቦታ ማኖር ይገባዋል።

የኢንተርኔት ፍጥነቱም ይታሰብበታል። አንድ ሙሉ ምስል በብዙ ሜጋባይት የሚለካ ስለሆነ በሞባይል ዳታ የሚከፍተው ሰው ሳሎኑ እስኪመጣ ሊሰለች ይችላል። ጥሩ ሶፍትዌር ምስሉን በትንንሹ ይቆራርጠውና ተመልካቹ የዞረበትን ክፍል ብቻ ያመጣለታል። ቱሩን በውድ ስልክና በቢሮ ዋይፋይ ብቻ ፈትሾ ለደንበኛ ያስረከበ ባለሙያ ሥራውን ግማሽ ላይ ትቶታል፤ በተራ ስልክ፣ በተራ ዳታ፣ ከከተማ ወጣ ብሎ መሞከር አለበት። መነጽሩማ ያላቸው ጥቂቶች ናቸው። አብዛኛው ተመልካች ቱሩን የሚያየው በስልኩ ስለሆነ መጀመሪያ ለስልክ የማይሠራ ቱር በመነጽር ቢያምርም ገበያ አያገኝም።

መማሪያው በየመንገዱ አለ። ዛሬ አንድ ጀማሪ የተውሶ ካሜራ ይዞ ሰፈሩ ያለውን ካፌ፣ ፋርማሲውን፣ የአካባቢውን ሆቴል ባለቤት አስፈቅዶ በነፃ ማንሳት ይችላል፤ የ360 ዲግሪ ፎቶ ጉግል ማፕስ ላይ በነፃ ይጫናል። ባለ ካፌው በካርታው ላይ ሲታይ ይደሰታል፤ ጀማሪውም ለሚቀጥለው ደንበኛ የሚያሳየው ሥራ ያገኛል። አንድ ክፍል ደጋግሞ ማንሳት፣ የጠዋቱን ከማታው ማወዳደር፣ የራስን ስፌት በትልቅ ስክሪን ላይ መመርመር ከማንኛውም ኮርስ የበለጠ ያስተምራል። የቴክኒክና ሙያ ኮሌጆችም ፎቶና ቪዲዮ በሚያስተምሩበት ክፍል ይህን ቢጨምሩ ወጪው አንድ ካሜራና ነፃ ሶፍትዌር ብቻ ነው።

ብራዚል ውስጥ የሆነው ለዚህ ሁሉ ክብደት ይሰጠዋል። እ.ኤ.አ. መስከረም 2 ቀን 2018 የሪዮ ዴ ጃኔይሮው ብሔራዊ ሙዚየም በእሳት ወደመ፤ ከስብስቡ አብዛኛው ተቃጠለ። ከቃጠሎው በፊት ግን ጉግልና ሙዚየሙ አዳራሾቹን በ360 ዲግሪ አንስተው ነበር። በዚያው ዓመት ታኅሣሥ ላይ የሙዚየሙ ቱር ሲከፈት ብራዚላውያን በጠፋው ሕንፃ ውስጥ ገብተው ዞሩበት። ፓሪስ ላይም የኖትር ዳም ካቴድራል በ2019 ሲቃጠል አንድሩ ታሎን የተባለው የሥነ ጥበብ ታሪክ ምሁር ከዓመታት በፊት በሌዘር የለካው ሰነድ ለጥገናው ጠቅሟል። ታሎን እሳቱን ሳያይ በ2018 አርፏል።

እኛም ጋ የሚጠፋው ብዙ ነው። ውቅሮ አቅራቢያ ያለው የአል-ነጃሺ መስጊድ በሰሜኑ ጦርነት ተጎድቷል። በ2016 ዓ.ም. የአዲስ አበባ ፒያሳ አሮጌ ሰፈሮች ሲፈርሱ በእንጨት በረንዳቸው የታወቁ ቤቶችና ትውልድ ያደገባቸው ግቢዎች ከከተማው ካርታ ወጥተዋል። አብዛኞቹን ውስጣቸውን ጭምር በሙሉ ዙሪያ ያነሳቸው ሰው አልነበረም፤ ያን ማድረግ የሚችል ካሜራ ግን በወቅቱ ከተማው ውስጥ ነበር። ካሜራ ያላችሁ የጎንደር፣ የሐረር፣ የአክሱም፣ የጅማና የድሬዳዋ ፎቶ አንሺዎች፣ ለሽያጭ የሚቀርበውን አፓርታማ ማንሳታችሁን ቀጥሉ፤ እሱ ይከፍላል። ከዚያ ከሚገኘው ላይ በወር አንድ ቀን ቀንሳችሁ በከተማችሁ ውስጥ ነገ ላይኖር የሚችለውን አንድ ቤት፣ ከባለቤቱ ፈቃድ ጋር፣ ከበሩ እስከ ጓሮው አንሱት፤ ፎቶውንም አንድ ቅጂ ለከተማችሁ ቤተ መጻሕፍት ወይም ቤተ መዘክር አስረክቡ።